እንደተጠበቀ ሆኖ

ከፍርድ ቤቱ በር ማዶ፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር፣
ከቆርቆሮው ጥግ ሥር
አለች የእኔ ጠረጴዛ፣ አንድ እግሯ ድንጋይ የረገጠ፤
አለች የጽሕፈት መኪናዬ፣ የ«ሐ» ጥርሷ ያገጠጠ።
ሃያ ሁለት ክረምት ሙሉ የደሴን ሰው ውል ጻፍኩባት፣
ሽያጩን፣ ኪራዩን፣ ብድሩን፣ የፍቺ ድርድር መታሁባት።
እንጀራዬ ግን የወጣው ከሽያጩ አይደለም፤
«ነገር ግን» ከምትል ቃል ነው፤ እሷ ባትኖር እኔም የለም።

ውል ባጭሩ አንድ መስመር ነው፦ ሰጠሁ፣ ተቀበልኩ።
የቀረው ሦስት ገጽ ፍርሃት ነው።

እያንዳንዱን ፍርሃት በስሙ አውቀዋለሁ።
«ከሆነ» ደጃፍ ቆሞ ጫማውን ያላወለቀ እንግዳ፤
«ካልሆነ» ወንድሙ ነው፣ ዱላ ይዟል ከጋቢው ጓዳ።
«በስተቀር» የሐረጎን ቁልቁለት ሊወርድ ሲል የቆመ ሾፌር፣
ፍሬኑን ረግጦ ሳያምን ኮምቦልቻን ከላይ የሚያማትር።
«እንደተጠበቀ ሆኖ» የሌሊት ዘበኛ ነው፣
ካፖርቱ ከሱ የሚበልጥ፣ እንቅልፍ ያሸነፈው፤
ማን እንደጠበቀው፣ ከምን፣ እስከ መቼ፣
ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ዝም ብዬ መትቼ
ማኅተም ወዳለበት እሰደዋለሁ።

አንድ የጥቅምት ረቡዕ፣ ጣቴ በውርጭ ተቆራምዶ፣
ወይዘሮ ትብለጥ እንድሪስ መጡ፤ ሸጋው ይማም ከጎናቸው፣
የኮምቦልቻው ጎማ ቸርቻሪ፣ እጁ ጥላሸት ያልለቀቀው።
ከሆጤ በላይ ካላቸው ግቢ ግማሹን ሊሸጡለት ነው።
ዋጋው አልቋል። ቀብዱ ተቆጥሯል። ሦስት እማኝ ቆሟል።
«ቅድመ ሁኔታ አለ?» አልኩ እንደ ልማዴ፣ ቀና ሳልል።
«አለ» አሉ። «መስኮቴ።»

«ጦሳን የማይበት ነው። ከፍ አድርጎ እንዳይሠራብኝ፤
ዓይኔ እስኪከደን ብቻ።»
«እንግዲያ ግዴታ ልበለው?»
«ግዴታማ ግብር ነው፤ ቀበሌ ያስመስለኛል።»
«ገደብስ?»
«እስረኛ ነው ወይ ልጁ?»
«መቀጮ እናስገባ፤ ቢሠራ ይህን ያህል ሺህ ብር…»
«ተራራዬን ተምኜለት? ያን ጊዜ እኮ እሱንም ሸጥኩት!»
ጣቴ ቁልፉ ላይ እስኪበርድ አሰቡ።
«አደራ በልልኝ።»

መታሁት። ሦስት ፊደል፤ ያገጠጠችው አልነካቻትም።
ሸጋው «እሺ፣ አደራ» አለ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።
ያኔ አልዋሸም። ፊቱን አይቻለሁ፤
ሰማያዊ አውራ ጣቱን በሱሪው ሲጠርግ እንኳ አልዋሸም።

ስድስት ዓመት ልጅ ይጨምራል፣ ክፍል ያጠባል።
ብሎኬት መጣ። ብረት ቆመ።
ሁለተኛው ፎቅ ወገቡ ላይ ደረሰ።
እኔም ተጠራሁ፣ የቃሉ አባት ተብዬ።
ዳኛዋ ወጣት ናት፤ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው።
«አደራ በሕግ የዕቃ ነው» አለች ቀስ ብላ፣
«ያስቀመጡት ዕቃ ምንድን ነው?»

ወይዘሮ ትብለጥ በችሎቱ መስኮት ጠቆሙ።
ጦሳ ነበረ፣ ግማሽ ጎኑን ጉም በልቶት።

ኋላ ወንበር የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ።
ዳኛዋ አልሳቀችም። ሸጋውም አልሳቀም።
ቀጠሮ ለኅዳር ሃያ ሦስት፤
መዝገቡ ላይ ምን ብላ እንደጻፈችው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ግንቡ ቆሟል።
ዕግድ ነው ይላሉ፤ ሲሚንቶው ተወዶበት ነው ይላሉ፤
ሚስቱ ደግሞ «እኔ እንጃ፣ ሌሊት ይነሣል» አለች አሉ።
እኔ መንገድ ስሄድ ያንን ቃል አነሣለሁ፣ እጥላለሁ፦
ግዴታ ብዬ ቢሆን፣ ገደብ ብዬ ቢሆን፣ መቀጮ…
ሕግ የሚጨብጠው እጀታ ያለው ቃል ነበር እኮ።
አደራ እጀታ የለውም፤ በመዳፍ ነው የሚያዝ።

ባለፈው እሑድ የመዝገብ ቅጂ ላደርስ ብዬ ሄድኩ፤
ሰበብ ነበር።
መስኮቱ ጋ አስቀመጡኝ። ከብሎኬቱ በላይ
የጦሳ ትከሻ ይታያል፤ ከወገቡ በታች የሸጋው ነው።
«ይበቃዎታል?» አልኳቸው።
ብዙ ቆዩ።
«ይበቃኛል» አሉ፣
«ጉሙ ከተነሣ።»